ከካቦነት ወደ ባሬላ

ደገፋ የወለጋ ልጅ ነው። ማንበብ ያስተማሩት ሚሲዮኖች ናቸው፤ አዲስ አበባም የመጣው የእነሱን መጻሕፍት በበቅሎ ጭኖ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ሚሲዮኖቹን ከአገር ሲያስወጣ ደገፋ ከሚስቱ ከዲንቄ ጋር ልደታ ቀረ። ሥራ የለም፣ ዘመድ የለም። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች የልደታን የአውሮፕላን ሜዳ ሲያደላድሉ የቀን ሠራተኛ ይፈልጉ ስለነበር ዶማ ይዞ ገባ።

ዶማው ላይ ብዙ አልቆየም። ፊደል ያውቃል፤ አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ ጣሊያንኛውንም ከሌሎቹ ቀድሞ ለቀመ። ሥራውን የሚመራው ጣሊያን፣ ሲኞር ብሩኖ የሚሉት፣ ይህን አይቶ ካቦ አደረገው። ካቦ የአርባ ሰው አለቃ ነው። ጠዋት ስም ይጠራል፣ ሥራ ያከፋፍላል፣ የሚያዘግመውን ያፈጥናል። ማፍጠኛው የጉማሬ አለንጋ ነው። ብሩኖ ለእያንዳንዱ ካቦ አንዳንድ ሰጥቷል፤ አለንጋውን ሳይዝ ያገኘውን ካቦ ይቆጣል።

ደገፋ ጨካኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ አለንጋውን አየር ላይ ብቻ ያጮኸው ነበር። ቆይቶ መሬት መምታት ጀመረ፤ ቆይቶ ደግሞ እግር። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንን ስንት ጊዜ እንደመታ ማስታወስ ተወ።

እሑድ እሑድ ሚሲዮኖቹ ጥለዋቸው የሄዱት ጥቂት ምእመናን እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። ቢበዙ አሥራ አምስት ናቸው። ማንበብ የሚችለው ደገፋ ብቻ ስለሆነ መጽሐፍ ቅዱሱን እሱ ያነባል፣ አብረው ይጸልያሉ፣ ይበተናሉ። ከሜዳው ሠራተኞች ወደ ጉባኤው የሚመጣ አልነበረም። ስለዚህ በሥራ ቀን ያለው ደገፋና የእሑዱ ደገፋ አንድ መሆናቸውን ከዲንቄ በቀር ልብ ያለ የለም።

መጋቢት ውስጥ ባንዱ ዓርብ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ዱጉማ የሚባል የሰበታ ሰው፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ባሬላ ሙሉ ገረገንቲ አፈር ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ ሲሄድ አዳለጠውና ወደቀ። ገረገንቲው ተዘረገፈ። ብሩኖ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ደገፋ ሄዶ ዱጉማን ጀርባው ላይ ሦስት ጊዜ ገረፈው። የመጀመሪያውን ለምን እንደመታው አያውቅም፤ እጁ ለምዶ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ለብሩኖ ዓይን ነበሩ። ይህን በደንብ ያውቃል።

"ተነስ አንተ!" አለው። ዱጉማ ተነስቶ ገረገንቲውን በእጁ ያፍስ ጀመር።

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲወጡ ብሩኖ ደገፋን ጠርቶ ከፋሲካ በኋላ የካቦዎች ሁሉ አለቃ እንደሚያደርገው፣ ሰንጋ ተራ አጠገብ አዲስ ከተሠሩት የቆርቆሮ ቤቶችም አንዱን እንደሚሰጠው ነገረው። ዲንቄ ስትሰማ እልል አለች። ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ሁለት ክረምት አሳልፋለች።

እሑድ ጠዋት ከጉባኤው ሰዎች አንዷ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ተናኘወርቅ፣ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል የተከራየ ሰው ይዘው መጡ።

"ከዓርብ ጀምሮ ሲያቃስት ነው የሚያድረው" አሉ። "ጸሎት ይስማ ብዬ አመጣሁት።"

ሰውዬው ዱጉማ ነበር። ደገፋን አየው፣ ከሰዎቹ መሀል ገብቶ ተቀመጠ።

ያን ቀን ተራው የደረሰው የትውልድ ሐረግ ነበር፤ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ የሚሄደው። ማንንም የሚገሥጽ ቃል የለበትም። ደገፋ ግን አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቋረጠ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዱጉማ ብቻ ጀርባውን ከግድግዳው አርቆ ጎንበስ ብሏል።

"ምነው ልጄ፣ አሞሃል?" አሉ እማማ ተናኘወርቅ።

"እኝህን ሰው የገረፍኳቸው እኔ ነኝ" አለ ደገፋ።

ደገፋ ተነስቶ ሄዶ ዱጉማ ፊት ተንበረከከ። ሜዳ ላይ አንተ ሲለው የነበረውን ሰው "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለው።

"ሰኞስ?" አለው ዱጉማ።

"ምን አሉኝ?"

"ዛሬ እሑድ ነው። እሑድ ይቅር መባባል አይከብድም። ሰኞ ደግሞ ብወድቅስ?"

ዱጉማ ክንዱን ይዞ አስነሳው። "በል አንብብ። እኔ ቃሉን ልሰማ ነው የመጣሁት፤ አንተን ለማየት አይደለም።"

ደገፋ የቀሩትን ስሞች እንደምንም አንብቦ ጨረሰ።

ሰዎቹ ሲሄዱ አለንጋውን እንደሚመልስ ለዲንቄ ነገራት። ዲንቄ የምታጥበውን ዕቃ አስቀመጠች።

"አንተ ብትተወው ሜዳው ካቦ ያጣል? ያ ካቦነቱን የሚመኘው ሠራተኛ፣ ጋሻው፣ ነው የሚይዘው። እሱ ደግሞ አለንጋ ቢይዝ ደም እስኪወጣ ነው የሚመታ። አንተ ብትሆን አይሻላቸውም?"

"እኔም መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ነው የያዝኩት።"

"እና አሁን ምን ተለወጠ?"

"ሦስት ጊዜ መታሁት፣ ዲንቄ። አንዱ ይበቃ ነበር። አንዱም አያስፈልግም ነበር።"

"ቤቱስ?"

ደገፋ ወደሚያፈሰው ጣራ ቀና አለ። ዲንቄ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ወደ ማታ እስክትመለስ የት እንደዋለች አልነገረችውም።

ሰኞ ጠዋት ደገፋ ስም ከጠራ በኋላ ብሩኖ ዘንድ ሄዶ አለንጋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያለ አለንጋ ካቦ ልሁን ብሎ በተሰባበረ ጣሊያንኛ ጠየቀው። ብሩኖ መጀመሪያ ሳቀ። ሰውየው የምሩን መሆኑን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

"ምን ጎድሎህ ነው?" አለው። "ስምህን ጽፌ ለበላይ ልኬያለሁ እኮ።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አለ ብሩኖ ተቆጥቶ። ትንሽ ቆይቶ በእጁ ወደ ሜዳው አመለከተ። "እንግዲያው ባሬላ ያዝ።"

ጋሻው ካቦ ሆነ። ደገፋ ጠዋት ስማቸውን ከጠራቸው ሰዎች ጋር ተሰለፈ። ማንም ከእሱ ጋር ባሬላ መያዝ አልፈለገም። ገሚሱ ለጣሊያን ሊሰልል የገባ መሰለው፤ ገሚሱ ዱላውን አልረሳም። ዱጉማ መጥቶ የኋላውን እጀታ ያዘ።

"አባቴ፣ ስለ እኔ ብለው ከሆነ..." አለ ደገፋ።

"ጓደኛዬ ዛሬ ቀርቷል" አለ ዱጉማ። "አንሳ።"

በመጀመሪያው ሳምንት የደገፋ መዳፍ ተላጠ። በሁለተኛው ሳምንት ጋሻው ትከሻው ላይ መታው። ደገፋ በኋላ ለሰው ሲናገር፣ ከሕመሙ ይልቅ የገረመው ጋሻው ዓይኑን ወደ ብሩኖ መወርወሩ ነበር ይላል። እሱ ራሱ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ቤት ውስጥ ግን ከሜዳው ይልቅ ከበደው። ዲንቄ እራት ታቀርባለች፣ አትናገረውም። እሑድ ሰዎቹ ሲመጡ እሷ ትወጣለች። ከጉባኤው ሦስት ሰዎች፣ ደገፋ ከጣሊያን ጋር ተጣልቷል ሲባል ሰምተው ፈርተው ቀሩ። ደገፋ ሌሊት ነቅቶ፣ ትክክል አድርጌያለሁ ወይስ ሚስቴን ለኩራቴ ብዬ አስርቤያለሁ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ኑሮው ሲጠብ ዲንቄ ዳቦ እየጋገረች ሜዳው ዳር ትሸጥ ጀመር። እዚያ ተቀምጣ ካቦዎቹ የሚያደርጉትን በዓይኗ አየች። ከክረምቱ በኋላ ባንዱ እሑድ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ሳትወጣ ቀረች። ደገፋ እሷን እያየ ማንበቡን ረስቶ ቆመ።

"ጉሮሮህ ደርቋል" አለችው። "ውሃ ጠጣና ቀጥል።"

ሜዳው ሲያልቅ ሠራተኛው ሁሉ ተበተነ። ጋሻው ሰንጋ ተራ ያለውን ቤት አገኘ፤ ጣሊያን ከወጣም በኋላ እዚያው በደህና ኖረ፣ ክፉም አልገጠመው። ደገፋና ዱጉማ ትልቅ መጋዝ ገዝተው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ለአናጺዎች ጣውላ እየሰነጠቁ ኖሩ። ሀብታም የሚያደርግ ሥራ አልነበረም። ጉባኤው ግን በ1933 ስልሳ ሰው ሞልቶ ቤቱ ጠበበ፤ ዲንቄ ለሴቶቹ መቀመጫ ብላ ጓሮው ላይ የሣር ዳስ አስጣለች።