የኤልፎቹ መደብ

እሙ በዚያ ክረምት ከልቧ የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮ ጀርባ ወጥታ መድረኩ መሃል ላይ ኤልፍ መሆን። ኤልፍ ምን እንደሆነ በመላው ኮልፌ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እሷ፣ ጓደኛዋ ሰብሪያና የሰብሪያ ታላቅ ወንድም ጀይሉ። ሦስቱም ያወቁት ከካሴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰብሪያ አጎት ጀማል መርከበኛ ናቸው። ከአሰብ ተነስተው ዓለሙን ሲያካልሉ ከርመው ሲመለሱ ለሌላው ዘመድ ሽቶና ሸሚዝ አመጡ፣ ለእነ ሰብሪያ ቤት ግን አንድ ጥቁር ሳጥን። ሳጥኑ ቁልፎች አሉት፤ ዝሆን የተቀመጠበት የጽሕፈት መኪና ይመስላል። በአንድ ሽቦ ከቴሌቪዥኑ፣ በሌላው ከቴፑ ጋር ይገናኛል። ካሴቱ ሲከፈት ቴፑ ጅራቷን በር እንደያዛት ድመት ይጮኻል፤ ጩኸቱ ሲያበቃ ጨዋታው ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላል። በቀን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለሌለ የሚከለክላቸው የለም። የሰብሪያ እናት እትዬ ዙቤዳም የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የቴሌቪዥኑን ዳንቴል እንዳትነኩት።"

ካሴቱ ላይ ሦስት ጨዋታዎች አሉ። በሦስቱም ውስጥ ጆሯቸው እንደ ቃሪያ የሾለ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጀይሉ አሥራ አንደኛ ክፍል ነውና ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተደነቃቀፈ አነበበው።

"ኤልፍ ይባላሉ" አለ። "የጫካ ሰዎች ናቸው። አያረጁም።"

"እንግዲያው ጡረታም የላቸው" አለች እሙ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኤልፍ ረጅም ቀስተኛ ናት። ቆማ ትወረውራለች፣ እየሮጠች ትወረውራለች፣ ተመትታ ስትወድቅ እንኳ እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ነው። ሰብሪያ የምትወደው እሷን ነው። የሁለተኛው ዋሻ ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት ጎራዴ የታጠቀ አኩራፊ ነው፤ ጀይሉ የራሱን ፎቶግራፍ ያየ ይመስል ወደደው። ሦስተኛው ግን ለብቻው ነው። ቦርጫም፣ ቁመቱ ከውኃ በርሜል የማይበልጥ፣ ሥራው የንጉሥ ማድ ቤት እየገባ ዳቦ መስረቅ። ዘበኛ ሲይዘው ያለቅሳል፤ ዘበኛው ዞር ሲልለት ወደሚጫወተው ሰው ፊቱን መልሶ ጥርሱን ብልጭ ያደርጋል።

"ይሄ ዘመዴ ነው" አለች እሙ ገና እንዳየችው።

"ኤልፍ ማለት ግርማ ሞገስ ነው" አለች ሰብሪያ። "ያንቺው ኪስ አውላቂ ነው።"

"ያንቺዋስ? አንድ ቀን ስትስቅ አይተሻታል? ሺህ ዓመት ኖሮ የማይስቅ ሰው ምን ሊሠራ ኖረ?"

ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነም ሌላ ጠብ ነበራቸው። እሙ የሌባው ቆብ ቀይ ነው ትላለች፣ ሰብሪያ አረንጓዴ ነው ትላለች። ጀይሉ "ግራጫ ነው፤ ዓይን የላችሁም?" ሲላቸው ግን ሁለቱም ባንድነት ይነሱበታል።

ሐምሌ ላይ ቀበሌው የችግኝ ተከላ ዘመቻ አወጀ። ከዘመቻው አስቀድሞ የቀበሌው ኪነት ቡድን ስለ ደን ድራማ እንዲያሳይ ተወሰነ። እሙ፣ ሰብሪያና ጀይሉ ኪነት ውስጥ ናቸው፤ እሙ መዝሙር መሃል ሳቅ እያመለጣት ከከበሮው ጀርባ ብትወሸቅም። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ተክለማርያም ስብሰባ ጠርተው "ሐሳብ ያለው" ሲሉ፣ ከዚያው ከበሮ ጀርባ አንድ እጅ ብቅ አለ።

"ጓድ፣ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ኤልፍ ይባላሉ። ጫካው ሲቆረጥ ቤት አልባ ይሆናሉ።"

ጓድ ተክለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያስቡ ያወልቃሉ፣ ሲቆጡ ያጠልቃሉ።

"ከየትኛው መደብ ናቸው?" አሉ።

እሙ የፖለቲካ ትምህርት እያንቀላፋች ብትማርም አንዳንዱ ነገር ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

"ጋርዮሽ ናቸው" አለች። "ጫካው የጋራ፣ ወንዙ የጋራ፣ ፍሬው የጋራ። ባለርስት የሚባል አያውቁም።"

"ጥንታዊ የጋርዮሽ ሥርዓት" አሉ ጓድ ተክለማርያም፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በርቶ። "ይግቡ። ነገር ግን የሚናገር ኤልፍ አንድ ይበቃናል። ማን ይሁን?"

እሙና ሰብሪያ እኩል እጅ አወጡ። ዕድሉ መጀመሪያ ለሰብሪያ ተሰጠ። እሷም ስለ ቀስተኛዋ አወራች፦ ቁመቷን፣ አረማመዷን፣ ራሷ ላይ ያለውን ዘውድ።

"ዘውድ?" አለች እሙ።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን ምላሷ ከእሷ ቀድሞ የሚነሳ ምላስ ነው።

"ጓድ፣ ዘውድ የደፋች ሴት ጋርዮሽ ልትሆን አትችልም። ይቺ የፊውዳል ርዝራዥ ናት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ተክለማርያም መነጽራቸውን አጠለቁ። "ፊውዳል እኔ መድረክ ላይ አይወጣም" አሉ፤ አሰብ አደረጉና "ካልተደመሰሰ በቀር" ሲሉ ጨመሩ። የንጉሥ ዳቦ የሚወርሰው ቦርጫሙ ኤልፍ አለፈ። እሙም ከከበሮው ጀርባ ወጣች።

ከስብሰባው ሲወጡ ሰብሪያ ጭቃውን እየዘለለች እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ እሙን ቀድማ ሄደች።

"ቀልድ እኮ ነው" አለቻት እሙ።

"ነገ እንዳትመጪ።"

"ሰብሪ ሙቺ፣ ቀልዴን ነው።"

"ፊውዳል ቤት ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?"

ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሙ በእነ ሰብሪያ አጥር ስታልፍ የቴፑን ጩኸት ትሰማለች፤ ማን እየተጫወተ እንደሆነ ለማወቅ አንገቷን ብታሰግግም የሚታያት የቆርቆሮ አጥር ነው። አንድ ቀን ጀይሉን ሱቅ በር ላይ አገኘችው።

"ምን ትላለች?" አለችው።

"ምንም አትልም። ቀስተኛዋን እንኳ ትታታለች፤ የኔን ዋሻ ነው የምትጫወተው። መጫወትም አትችል፣ ገደል ለገደል።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አልቅሳለች። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ" አለ።

በማግስቱ እሙ ሰብሪያን ከሩቅ አየቻት፤ ከዳቦ ቤት ስትመለስ። ሰብሪያ ከክፍላቸው ሁሉ ረጅሟ ልጅ ናት። ወንዶቹ "የፌርማታ ብረት" ስለሚሏት ስትሄድ ትከሻዋን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀብራ ነበር ድሮ። ቀስተኛዋ ከመጣች ወዲህ ግን ቀና ብላ መራመድ ጀምራ ነበር፤ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፣ እሙም ብትሆን። አሁን ነው ያስተዋለችው፣ ሰብሪያ እንደገና ጎብጣ ስታያት። እሙ የሳቀችበት ዘውድ ምን ተሸክሞ እንደነበር ገባት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላላትም፤ እሙን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኪነቱ ልምምድ ሁልጊዜ የሚጀምረው በሂስና ግለ ሂስ ነው። ዘግይቶ የመጣ ዘግይቻለሁ ይላል፣ ከበሮ የቀደደ ቀድጃለሁ ይላል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እሙ ተነሳች። ግለ ሂስ አድርጋ ስለማታውቅ ከበሮ መቺው ቱሉ "ውኃ አምጡላት" አለ።

"የመደብ ትንተና ስህተት ፈጽሜአለሁ" አለች። "የቀስተኛዋን ሥዕል ሁለታችንም አይተናል። ራሷ ላይ ያለው አምስት ነጥብ ነው። አምስት ነጥብ ዘውድ ሊሆን ይችላል፣ ሻሽም ሊሆን ይችላል፣ ቅጠልም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቦታውን ስለፈለግኩት ዘውድ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።"

"የግል ጥቅም" አሉ ጓድ ተክለማርያም።

"አዎ ጓድ። በጣም የግል።"

ሰብሪያ መሬት መሬት ታያለች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

መነጽሩ ወለቀ። "እንግዲያው ቀስተኛዋ ከጭቆና ነፃ ናት" አሉ ጓድ ተክለማርያም። "ያንቺው ኤልፍስ? እሱም ይተንተን። ያርሳል?"

"አያርስም።"

"ይሸምናል?"

"አይሸምንም። ግን ከንጉሥ ነው የሚወስደው።"

"ወስዶስ? ለጭቁኑ ሲያከፋፍል አይተሻል?"

እሙ አፏን ከፈተች። አዎ ማለት ነበረባት። ግን ግለ ሂሱ ገና ከንፈሯ ላይ ሳይደርቅ ውሸት መጨመሩ ከበዳት።

"ብቻውን ነው የሚበላው" አለች።

"ሉምፐን፣ መደብ የለሽ ሥራ ፈት" አሉ ጓድ ተክለማርያም፣ መነጽሩንም አጠለቁ። "ሰብሪያ ቀስተኛ። ጀይሉ ዛፍ ቆራጭ። አንቺ ዛፍ ነሽ። ሁለተኛው ዛፍ።"

በድራማው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሰብሪያ ሻሿ ላይ ቅጠል ሰክታ ወጣች፤ ትከሻዋን ፈትታ፣ አንገቷን አስረዝማ፣ ከመጋረጃው ጋር የምትፎካከር መስላ። የፌርማታ ብረት የሚሏት ልጆች ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አንዱም ትንፍሽ አላለም። እሙ ቅርንጫፍ በገመድ ተተብትቦባት ከኋላ ቆማለች። ከቅጠሉ መሃል ሆና ስታያት ደስ አላት፤ ትንሽም ቀናች።

ጀይሉ የካርቶን መጥረቢያውን ይዞ መጣ። አንደኛውን ዛፍ ሦስት ጊዜ መታው፤ ወደቀ። ወደ ሁለተኛው ዞረና መታ።

ዛፉ አልወደቀም።

ደግሞ መታ። "ውደቂ እንጂ" አለ በሹክሹክታ።

"አልወድቅም" አለ ዛፉ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። "ዘመቻ ላይ ነን።"

ፊት የተቀመጡት ጎረቤታቸው እትዬ ዋጋነሽ "ይሄስ ዛፍ የነቃ ነው" ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ጓድ ተክለማርያም መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ጭብጨባውን ሰሙ፣ አወለቁ። ጀይሉ የሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ፤ ጽሑፉ ላይ የማይወድቅ ዛፍ የለም። ያኔ ሰብሪያ ማንም ያላዘዛትን አደረገች። በዛፉና በመጥረቢያው መሃል ገባች፣ ቀስቷን ወጠረች፣ ወንድሟንም በመድረኩ ዙሪያ አባርራ አባርራ በጓሮ በር አስወጣችው።

ሲወጡ ዝናብ ጀምሯል። ገመዱ ርሶ ስለጠበቀ እሙ እስከነ ቅርንጫፏ በመንገዱ ሄደች፤ የሚያልፈው ሁሉ እየዞረ ያያታል። ሰብሪያ ከጎኗ ናት። የእነ ሰብሪያ በር ላይ ሲደርሱ እሙ እርምጃዋን ገታ አደረገች።

"ቁሚ፣ ልፍታልሽ" አለች ሰብሪያ። ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘች። "ነገሩ ግን ያንቺው ኤልፍ ሌባ ነው።"

"ነው" አለች እሙ። "ሌባ ነው።"

እትዬ ዙቤዳ በሩን ከፍተው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ዛፉን አዩ።

"ይህን ሁሉ ቅጠል ይዛ ነው የምትገባው?" አሉ።

"ትግባ እማ" አለች ሰብሪያ። "ውስጥ እናራግፍላታለን።"