ሦስት ቀን የጾመው አሳ

ወይንሸት አሳ የምታውቀው ወይ በለብለብ ወይ በጉላሽ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የሚጠጡት ጎረቤቷ፣ ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ አስገዶም፣ «የኔ ክፍል ጠባብ ነው፤ ኬክ ቤትሽ ጥግ ላይ የአሳ ገንዳ ላስቀምጥ» ብለው ሲለምኗት እሺ ያለችው ለአሳው ብላ ሳይሆን ለእሳቸው አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ሰውየው ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። «ሰዉ ሁሉ ሰዓት በስልኩ ያያል፤ ማን ያሠራል?» ይላሉ። ፒያሳም አምናቸዋለች።

አንድ ቅዳሜ ከባንኮኒው ጎን፣ አራት ሰው ተጋግዞ ያስገባው የመስታወት ገንዳ ተቀመጠ። ወይንሸት የጠበቀችው ክብ ብርጭቆ መሳይ ነገር ነበር።

«ምን ዓይነት አሳ ነው ይሄን ሁሉ ቤት የሚፈልገው? አዞ ነው እንዴ?»

«ወርቃማ አሳ ነው። ሆዱ ክብ፣ ጅራቱ ድርብ። ትንሽ ውሃ ውስጥ ካኖርሽው በገዛ ቆሻሻው ይታፈናል» አሉ።

ገንዳው ሥር የሚነጠፈውን ጠጠር አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሹሉን ለይተው ጣሉ። «ልብሱ ረጅም ነው፤ ይቀደድበታል» አሉ ስለ ጅራቱ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የወይንሸት ጄሪካኖች መቼም ሙሉ ናቸው፤ እሱን በባልዲ ገልብጠው፣ የታከመበት መድኃኒት ሽታ እስኪለቀው ሁለት ቀን ክፍቱን አሳደሩት። የውሃ ማጣሪያው ሞተር ሲነሳ ደግሞ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው እንደ ሰዓት አዳመጡት። ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ምንም የለም። ውሃው ራሱ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል አሉ። አራዳ መቼም አይምርም፤ የገባው ሁሉ ባዶውን ገንዳ እያየ «እትዬ ወይንሸት፣ የአሳው ፈረቃ መቼ ነው?» ይላታል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ቸርችል ጎዳና ላይ አሳ የሚሸጠው ዑዘይር ሁለት አሳ በላስቲክ ይዞ መጣ። ላስቲኩን እንደታሰረ ውሃው ላይ አንሳፍፎ፣ ቅዝቃዜው እስኪመጣጠን ጠብቆ ፈታው። ትልቁ አሳ ቀስ ብሎ ወጣና ጅራቱን ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ዘረጋው። ወይንሸት ወተቱን እሳት ላይ ረሳችው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ውሃ ውስጥ የደበቀ ፈጣሪ ምን ያህል ሀብታም ነው አለች በልቧ። ጋሽ አስገዶም ፈገግ አሉ፤ ፊታቸው ግን ከአሳው ትንሽ ወደ ግራ ዞሯል።

የነነዌ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይንሸት፣ አሳዎቹን አይቻቸው አላውቅም።»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? በየቀኑ እያዩ!»

«የማየው ቢጫ ጭጋግ ነው። ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመቱ። ሥራውን የተውኩትም ለዚሁ ነው።»

ወጣት ሳሉ የአንድ ሆቴል ግድግዳ ሰዓት ሊጠግኑ ገብተው እንዲህ ያለ አሳ አይተው፣ መፍቻውን እንደያዙ ቆመው ቀርተው ነበር። አሁን ረቡዕ ቀዶ ጥገና አላቸው፤ ሐሙስ ፋሻው ይፈታል። ዓይናቸው ሲመለስ በደንብ ማየት የሚፈልጉት ይሄንኑ አሳ ነው። «አደራ። በቀን አንዴ፣ ከምግባቸው በጥፍር የምትያዝ ብቻ ስጪያቸው» ብለው ሥላሴ አጠገብ ወደምትኖረው እህታቸው ቤት ሄዱ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ወይንሸት ግን ሠላሳ ዓመት ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት፤ «በቃኝ» የሚል ቃል ጆሮዋ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጾሙን በሚቀበል ሰው ሞላ። ትልቁ አሳ መስታወቱ ጋ መጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አየችው።

«ውይ፣ እሱስ? ነገ ጾም ነው፤ ይቀበል እንጂ!» ብላ ለውዝ ከተነሰነሰበት ኬክ ቆርሳ ጣለችለት። እሷ ከጀመረች ማን ይቀራል? እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ አንድ ጉርሻ አዋጣ። አሳውም ጨዋ ነው፣ እንቢ አይልም ተባለለት።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ትልቁ አሳ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል፤ ትንሹ ከሥሩ ይዋኛል። የትልቁ ክንፎች ብቻ ይርገበገባሉ። «በምን ዓይኔ ነው ጋሼን የማያቸው?» እያለች ዑዘይር ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ምን አበሉት?»

ወይንሸት ባንኮኒውን በጨርቅ መወልወል ጀመረች።

«እትዬ ወይንሸት?»

«ቅበላ ነበር» አለች፣ ድምጿ እየጠፋ።

ዑዘይር ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ሆዱ ተነፍቶ ነው የተገለበጠው። ሲሶውን ውሃ ቀድተው ባደረ ውሃ ይተኩ። እስከ ረቡዕ ምንም እንዳይቀምስ። ሐሙስ አንዲት የተቀቀለች አተር፣ ልጣጯ ተልጦ። ከዚያ በላይ ያለው የአላህ ሥራ ነው።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ወይንሸት ቆጠረችና ክው አለች። በነነዌ ከሰው ጋር ከብቱም በጉም እንደጾመ ከልጅነቷ ሰምታለች፤ አሳው ግን ያኔ ዮናስን በማድረስ ሥራ ላይ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ በትንሽ ጎማ ፍርፋሪውን ከጠጠሩ መሃል መጠጠች፤ በማግስቱም ደገመችው፤ ረቡዕም ሠለሰችው። መስታወቱ ላይ «አሳው ጾም ላይ ነው» ብላ ለጠፈች። በጾም አራዳም አይቀልድም፤ ማንም እጁን አልሰደደም። ለአሳ ስለት መሳል እያሳፈራት ለሥላሴ ጃንጥላ ተሳለች።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ገባች። መብራቱን ያበራችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ስትገልጥ አሳው ውሃው መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጅራቱን ዘርግቶ ዞረ፤ ብርሃኑ ቅርፊቱ ላይ አብሮት ዞረ። አተሯን በጥፍሯ ልጣ ጣለችለት፤ ዋጣት። ወይንሸት ፈራች፤ ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሰጠው እንደሚፈራው ዓይነት ፍርሃት ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪመጣ አልተነሳችም።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ አስገዶም በእህታቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ጥቁሩን መነጽር አወለቁና ገንዳው ፊት ቆሙ። አሁን ፊታቸው ቀጥታ ወደ አሳው ነው። አሳው ወደ እሳቸው መጣ። ማንም ማንኪያ አላንኳኳም።

«ማልቀስ ተከልክያለሁ» አሉ፣ እያለቀሱ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን ተመለከቱ።

«ወይንሸት።»

«አቤት ጋሼ።»

«እዚህ ጠጠሩ መሃል የገባችው፣ የለውዝ ስባሪ ናት?»

ከስንዴ ፍሬ ግማሽ አትሆንም። ወይንሸት ሦስት ቀን ሙሉ ስትለቅም በደህና ዓይኗ አላየቻትም።

«ናት ጋሼ! ለውዝ ናት! እኔ ነኝ የሰጠሁት!» ብላ ጮኸችና አቀፈቻቸው። በጥፋቷ ተይዛ እንዲህ የፈነደቀች ሰው ፒያሳ አይታ አታውቅም።