የሙሉጌጥ ምሳ

«ሦስት ጥብስ፣ አንድ ጉላሽ! ሙሉጌጥ! ተኛሽ እንዴ?»

የጌታቸው ድምፅ በምግብ ማውጫው መስኮት ሲገባ፣ ሙሉጌጥ አንድ እጇን ከደረቷ ሥር ጭና በሌላው ዓሣ እያገላበጠች ነበር። እንደቆመች ቁራሽ ዳቦ ወደ አፏ ወረወረችና ሳታላምጥ ዋጠችው። ወዲያው ሆዷ ተነፋ፤ ቃሩ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ።

ሐይቅ ዳር ባለው በዚህ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን ስትመራ ዓመታት አልፈዋል። አብራት ትሠራ የነበረችው ፀደይ አግብታ ዲላ ከገባች ወዲህ ግን የሁለት ሰው ሥራ የሷ ሆነ። ባለቤቱ ጌታቸው «በሚቀጥለው ሳምንት ሰው እቀጥራለሁ» ይላል፤ ሳምንቱ አይደርስም። እሷም «እሺ ጋሼ» ትላለች። ሕመሙ የጀመራት ያኔ ነው። ወተት ጠጣች፣ ተልባ ጠጣች፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ ተወች፣ ክኒን በላይ በላዩ ዋጠች። ምንም ጠብ አላለላትም።

በዚሁ ዕለት ጠዋት የምርመራ ውጤቷን ልትሰማ ዶክተር ብሌን ዘንድ ሄዳ ነበር።

«ጨጓራዎን በካሜራ አይተነዋል፤ ቁስልም ባክቴሪያም የለም» አለቻት ወጣቷ ሐኪም።

የሙሉጌጥ ዐይን እንባ አቀረረ። «ታዲያ አስመስዬ ነው የምታመመው?»

«በፍጹም! ሕመሙ የእውነት ነው። ጨጓራ ከአእምሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እየተጣደፉ መብላት ቁስል የሌለውንም ጨጓራ ያሳምማሉ። ምሳዎን መቼ ነው የሚበሉት?»

«ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ። ያውም ቆሜ።»

«ሲናደዱስ ምን ያደርጋሉ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ምን አደርጋለሁ? ዝም ነዋ።»

ዶክተሯ መድኃኒት ጻፈችላት። «ይሄ ያግዝዎታል። ግን ተረጋግተው ካልበሉ፣ የከበደዎትንም ካልተናገሩ ብቻውን አይበቃም።»

አሁን ጌታቸው ራሱ ወጥ ቤት ገባ።

«ሐኪሟ ምን አለች?»

«ቁስል የለም አለች።»

«አላልኩሽም? ምንም የለብሽም! በይ ፍጠኚ፣ ቤቱ ጢም ብሏል።»

«እሺ ጋሼ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አላወጣችውም።

«አለብኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሕመም አለብኝ። ቁጭ ብዬ ምሳ ከበላሁ ዓመት አለፈኝ። ሰው ይቅጠሩ፤ እስከዚያ እኔም እንደ ሰው በሰዓቱ እበላለሁ።»

«በቅዳሜ ምሳ ሰዓት? ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው!»

የሁለት ልጆቿ እንጀራ የተንጠለጠለው በዚሁ ምድጃ ላይ ነው። ጌታቸው ሌላ ወጥ ሠሪ ነገ ሊያገኝ ይችላል፤ ላያገኝም ይችላል።

«በሩን አውቀዋለሁ» አለች ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «የሚያባርሩኝ ከሆነ ምሳዬን በልቼ ስጨርስ ይንገሩኝ።»

የታዘዘውን ጥብስና ጉላሽ አንድም ሳታጓድል በየሳህኑ አወጣች። ምድጃውን አጠፋች። ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ለራሷ ዓሣ በዳቦ ይዛ ወጣች። ደንበኞች መሀል፣ ዋርካው ሥር ያለ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አስተናጋጁ ሔኖክ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ውኃ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠላት።

ከውስጥ መጥበሻ ተንኳኳ። ጌታቸው ራሱ ሽርጡን ታጥቆ፣ ፊቱ ፍም መስሎ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ሙሉጌጥ! ጨው የታለ?»

የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪልም አላመጠችና ዋጠች። ደረቷን አሁንም ያቃጥላታል።

«እየበላሁ ነው!» አለች፣ ደንበኞቹ እስኪዞሩ ጮክ ብላ።

ሁለተኛውን ቆረሰች።