በሽሪ ያላያቸው የምሽት አበቦች

ሱዳን፣ አትባራ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ የነፊሳና የእኔ ግቢ አንድ አጥር ይጋራሉ። ባሏ በሽሪ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከቀትር በኋላ ወጥቶ በማግስቱ ረፋድ ላይ ይመለሳል፤ እንደገባ ይተኛል። ነፊሳ ግድግዳው ሥር የተከለችው ሸብ አል-ለይል የሚባል አበባ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይፈካና ሙቀት ሲጀምር ይከደናል። ስለዚህ በሽሪ አብቦ አይቶት አያውቅም።

"እኔ እሳት ፊት አድሬ እመጣለሁ፣ አንቺ ሳር ታጠጫለሽ" ይላታል።

"ሳር አይደለም።"

"ታዲያ እኔ ስገባ አፋቸውን የሚዘጉት ሲያሙኝ አምሽተው ነው?"

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን ቦታውን ለሽንኩርት ፈልጎት ማጭድ ይዞ ተነሣ። ነፊሳ ፊቱ ቆመች።

"መጀመሪያ እኔን እጨደኝ" አለችው። ማጭዱን መልሶ ሰቀለው።

ከዚያ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተደረመሰና እስኪጠገን ሠራተኞቹ እረፍት ተባሉ። በሽሪ ግቢው ውስጥ የጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሞ ሲነጫነጭ ዋለ። አመሻሹ ላይ እኔም ለወተት ሻይ ተጠርቼ ነበር። ድንገት ቀና ብሎ አሸተተ።

"ሽቶ የተቀባው ማነው?"

ነፊሳ በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመችው። ሄዶ ቁጢጥ አለ። አንዱ ተክል ላይ ቢጫውም ቀዩም ፈክቷል፤ ግማሽ በግማሽ የሆነም አለ። አንዲት እንቡጥ ዓይኑ እያየ ቀስ ብላ ተፈታች።

"በየቀኑ እንዲህ ናቸው?"

"በየቀኑ።"

"እኔ ሳልኖር?"

"አንተ ስለማትኖር ነው የተከልኳቸው" አለች፣ ሻዩን እየቀዳች። "ስትወጣ ቤቱ ጭር ይላል። እነሱ ያን ጊዜ ይመጣሉ።"

በሽሪ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ።

ምድጃው ሲጠገን ከአንድ ወንደላጤ ባልደረባው ጋር ፈረቃ ተቀያየረ። አሁን ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከቀትር በኋላ ቤቱ ነው። አመሻሽ ላይ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ ይጠራል፤ "ግባ፣ ግን ዝም ብለህ እይ" ይልና ዝም የማይለው እሱ ነው።

"አበቦቹን እንኳን አከፋፈት ማስተማር ጀምሯል" ትለኛለች ነፊሳ። ግን ሁለተኛውን የጠፍር አልጋ አውጥታ ከእሱ አልጋ አጠገብ አድርጋዋለች።

ለእኔም ፍሬ ሰጥቶኝ ዘራሁ። አበባው በሙሉ ነጭ ሆኖ ወጣ። በሽሪ መጥቶ አየና "ሻይሽን ስትጠጪ ስለማታጫውቻቸው ነው" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።