የአምቡላንሷ ነቢይት

ልጅቷ ሻይ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል ከእናቷ ጋር ይሠራ የነበረው የአምቡላንስ ሾፌር ብርጭቆውን በእጁ ከደነው። ይበቃኛል ማለቱ ነው። እሷ ግን ከአጠገቡ አልሄደችም፤ ሻዩ ሰበብ እንጂ ጉዳይዋ አልነበረም። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንግዳ በገባ ቁጥር ቴርሞስ ይዛ የምትዞረው ለመጠየቅ ነው። ሰዉ ሊያጽናናት ሲመጣ እሷ ትመረምረዋለች፦ እናቴ መታመሟን ታውቁ ነበር? ማን ነገራችሁ? አክስቷማ "ይቺ ልጅ ለቅሶ ቤቱን ፖሊስ ጣቢያ አደረገችው" ብላ ለጎረቤት አንሾካሹካለች።

እንዴት አትጠይቅ? እናቷ ሳትናገር ምንም የማታደርግ ሴት ነበረች። ዕድሜዋን የፈጀችው በአምቡላንስ የበሽተኛ ረዳትነት ነው። ከኋላ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ለበሽተኛው ቀድማ ትነግረዋለች፦ አሁን ጉድጓድ አለ፣ ትንሽ ያንገጫግጨናል፣ ከሱ በኋላ ደህና አስፋልት ነው። ባልደረቦቿ "ነቢይቷ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ቤትም ያው ናት። ልጅቷን በሕፃንነቷ ጸጉሯን ስታበጥራት፣ "አሁን የተቋጠረው ጋ ደርሰናል፣ ያምሻል፣ ከዚያ ያልቃል" ትላት ነበር። ልጅቷ ካደገች በኋላ ነገሩ እያናደዳት "እማዬ፣ እኔ በሽተኛሽ አይደለሁም" ብላት ታውቃለች። እናትየው ስቃ፣ "ጤነኛም ይንገጫገጫል" አለቻት።

እንዲህ ያለችው ሴት የራሷን በሽታ ከልጇ ደብቃ ሄደች። ልጅቷን ከሞቱ እኩል ያቃጠላት ይህ ነው።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ነግራዎታለች አይደል?"

ሾፌሩ ወትሮም ቃል ከአፉ የሚወጣው በግድ ነው። ብርጭቆውን አንዴ አሽከረከረው።

"ነግራኛለች። ለልጅሽስ? አልኳት። 'ለበሽተኛ ጉድጓዱን የምነግረው ከጉድጓዱ በኋላ ምን እንዳለ ስለማውቅ ነው። ይሄኛውን አላውቀው፤ ምን ብዬ ልንገራት?' አለችኝ።"

ልጅቷ ቴርሞሱን መሬት አስቀመጠችው። ቁጣዋን ብትፈልገው አጣችው። ያቺ ሁሉን ቀድማ የምታውቅ እናቷ ለካ እሷም ትፈራ ኖሯል፤ አንጀቷን በላቻት።

ቀጥላ ስለ መጨረሻው ቀን ጠየቀችው፤ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነውና። እናቷ ተኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው አዲስ ረዳት ሥራውን ታሳያት እንደነበር ነገራት። አሁን መታጠፊያ ነው፣ አሁን ጉድጓድ ነው፣ ዝም አትበይ፣ ንገሪኝ እንጂ፣ ትላታለች። እሱም ከፊት ሆኖ በትንሿ መስኮት ይሰማታል። አንዱን ጉድጓድ ሳያየው ቢገባበት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ድንች ነው እንዴ የጫንከው?" ብላዋለች። ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። አክስቷ ዘወር ብላ አየቻት።

"ሐኪም ቤቱ ጋ ካለው ድልድይ በፊት ያለውን ጉድጓድ ግን አልተናገረችም" አለ ሾፌሩ።

"እርስዎስ ምን አደረጉ?"

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ። ልጅቷ አንገቷን ስትደፋ ቀኝ እግሩን አየችው። ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ምንጣፉን ቀስ አድርጎ፣ በጣም ቀስ አድርጎ ይረግጥ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ምንም ሳትጠይቀው አብራው ቆየች።