ቢላዋው ይውጣ

ኤዲተሯ ያንን ቢላዋ በምትቆርጥ በምትቀጥለው ፊልም ላይ ዛሬ ብቻ አርባ ጊዜ አይታዋለች። ተራ የሽንኩርት ቢላዋ ነው። የፊልሙ ባለታሪክ ግን ታናሽ እህቷን ልትወጋበት ሽቅብ አንስታዋለች፤ ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ጸጉሯ ይውለበለባል። ኤዲተሯ ቆሽቷ አረረ። ያናደዳት ትወናው ብቻ ቢሆን በቀለላት ነበር፤ ይቺ ባለቢላዋ ሴት እሷን ራሷን እንድትሆን የተጻፈች ናት።

ዳይሬክተሩ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ለዚያውም አዝላ ያሳደገችው። በዓለም ላይ ታሪክ የጠፋ ይመስል የገዛ ቤታቸውን ጉድ ፊልም አደረገው። የታላቅየዋ እጮኛ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከታናሽየዋ ጋር ጠፋ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። በቀሉን ከየት እንዳመጣው ግን እሱ ይወቀው። እሷ ማንንም አልወጋችም፤ ምንም አላደረገችም። እህቷ ስትደውል ስልክ አለማንሳት ብቻ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ይህን ብትነግረውም፣ ዝምታ በካሜራ አይታይም፣ ተመልካች ደም ይፈልጋል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይባስ ብሎ ከእሷ ሌላ የማምነው ኤዲተር የለም እያለ ሥራውን እሷው ላይ ጣለው። የራሷ ሠርግ ቀርቶ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ስትቀጣጥል የኖረች ሴት፣ አሁን ደግሞ ይሄ መጣባት።

ፊልሙ ቅዳሜ ይመረቃል። ወንድሟ ታናሽየዋንም ጠርቷታል። ታላቅ እህቴ ራሷ ከጠራችኝ እመጣለሁ፣ አለዚያ አልመጣም ብላለች አሉ። ኤዲተሯ ይህን ስትሰማ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ደግሞ ለምኚኝ ነው እንዴ?

ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ምስል ስታገላብጥ ስም ያልተሰጠው ፋይል አገኘች። ድምፅ ቀራጩ አንድ የማይለቀው አሠራር አለው። በአንድ ክፍል ቀረጻ ሲያልቅ ሰውን ሁሉ ባለበት ያስቆምና የክፍሉን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ ይቀዳል፤ ንግግር በተቆረጠበት መሙያ ይሆናል። መንቀሳቀስ የለ፣ ማሳል የለ። የዚያን ቀን ካሜራ ማኑ ካሜራውን ማጥፋት ረስቷል። አንዱ ዝርክርክ ደግሞ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶታል። ባለቢላዋዋን የምትጫወተው ተዋናይት ጠረጴዛው አጠገብ እንደተቀመጠች ስልኩ ጮኸ። እንዳትንቀሳቀስ ታዝዛለችና ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ንቅንቅ አላለችም። ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ። እንደገና ጀመረ።

ኤዲተሯ ቢላዋውን አውጥታ ይህንን አስገባች።

ወንድሟ ሲመጣ ቢላዋው የለም። ስንት ሰው ቀኑን ሙሉ የለፋበት ትዕይንት ነው፣ ልትገድይኝ ነው ወይ እያለ ክፍሉን ዞረው። መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እይ፣ ከዚያ ታብዳለህ አለችው። ተቀመጠ። ስልኩ ለሁለተኛ ጊዜ መጮህ ሲጀምር እግሩን ማወዛወዝ ተወ። ሲያልቅ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

“እታለም፣ ይሄ እኮ ከቢላዋው ይብሳል” አለ። “በቢላዋ የምትወጊው አንዴ ነው።”

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተበዳይ ነኝ፣ ማንንም አልነካሁም እያለች ኖራለች። አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ አናደዳት። ወንድሟን ውጣልኝ ብላ አባረረችው። በሩን ገርበብ አድርጎ ጆሮውን እንደሚያስቀር ስለምታውቅ ተነሥታ ዘጋችው።

የእህቷን ቁጥር ከማንም አልጠየቀችም። ሲመጣ እያየችው ኖራ በቃሏ ይዛዋለች። ደወለች። ሳይነሣ ብዙ እንደሚጮህ፣ የእጇንም እንደምታገኝ አውቃ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ተነሣ።

“እታለም?”

ኤዲተሯ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች።

“ቅዳሜ አሥር ሰዓት ነው” አለች በተቆጣ ድምፅ። “እንዳታረፍጂ። ሰውየሽን ደግሞ እቤት ትተሽው ነይ፤ እዚህ ፊልሙ ላይ እሱን ስቆርጥ ነው የከረምኩት።”

በወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ነገር ተሰማ።

“በመጀመሪያ ተናፈጪ” አለቻት።

ከዚያ በኋላ የምትለው አልነበራትም፤ እህቷም ዝም አለች። ስልኩን ግን ሁለቱም አልዘጉትም።