የሮይስ ጠመንጃና የኦቾሎኒው ማሳ

እኔ ዶይል ያልገደልኩት የዱር አሳማ ኮማንቼ አውራጃ ውስጥ ካለ፣ ገና አልተወለደም። የእህቴ ባል ሮይስ ትከሻው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዲገዛ ያግባባሁትም እኔ ነኝ። እህቴ ቨርሊን ግን ጠመንጃውን እንደ እባብ ጠላችው።

"ለአሳማ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?" አለችኝ የባቄላውን ድስት እያማሰለች። "አባባ በዚያ በአሮጌው ነበር የሚገድለው።"

"እቴ፣ በአባባ ጊዜ አሳማው አንድ አንድ እያለ ነበር የሚመጣው። አሁን መንጋው ግማሽ ቴክሳስን ያክላል። በአባባ ጠመንጃ አንዱን ጥለሽ እንደገና እስክታቀባብዪ ሌሎቹ ኦክላሆማ ይገባሉ። ይሄኛው ምላጩን በሳብሽ ቁጥር አንድ ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ሰደፉም ትከሻ አይደቁስም።"

"እኔን ያሳሰበኝ ትከሻው አይደለም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ገብቶ ተኛ። ነዳጁ እስኪያልቅ ግቢው ውስጥ ሲያጓራ ነበር። አብረኸው ከሆንክ ይሂድ። የሆነ ነገር ካየህ ግን ትነግረኛለህ።"

"እኔ መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

"ስትበላ ብቻ ነው የማትዋሸው። አፍህ ሙሉ ስለሆነ።"

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኔና ሮይስ የኦቾሎኒው ማሳ ዳር ተጋደምን። አሳማዎቹ ትልሙን በትራክተር የታረሰ አስመስለውት ነበር። መንጋው ሲወጣ ሮይስ ተረጋግቶ ሦስት ጣለ። እኔ ሰባት፤ እሺ፣ ሁለት።

"ዶይል፣ ትከሻዬን ምንም አላመመኝም" አለኝ እየሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ፒክአፑ ጋ ደርሰን ጠመንጃችንን ማራገፍ ያዝን። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ከዚያ ማቀባበያው ይሳባል፤ የእኛ አገር ልጅ ይህን ከጸሎት በፊት ይማራል። ሮይስ መጀመሪያ ማቀባበያውን ሳበ። አንድ ጥይት ሣሩ ላይ ወደቀ፣ ካዝናው ግን ሌላ በርሜሉ ውስጥ አጎረሰ። ከዚያ ካዝናውን ነቀለ።

"ባዶ ነው" አለና ምላጩን ሳበ።

"ሮይስ፣ ቆይ" ስል ዘግይቼ ነበር። ጥይቱ የመኪናውን በር በስቶ እኔ ልቀመጥበት የነበረው ወንበር ውስጥ ገባ።

ሮይስ በእጁ የያዘውን ካዝና ትክ ብሎ አየው። "ነቅዬዋለሁ እኮ።"

"ነቅለኸዋል።"

"ጥይቱም ሲወድቅ አይቻለሁ።"

"እኔም አይቻለሁ።"

መኪና ውስጥ ስንገባ ወደ እኔ ዞረ። "ቨርሊን ከሰማች በቃ፣ ጠመንጃውን ዳግመኛ አልነካውም። አንድ ነገር ፈልግላት፣ ዶይል። አንተ ታውቅበታለህ።"

አውቅበታለሁ። ቤት እስክንደርስ በሩን በክራንቻው የበሳ፣ ኮርማ የሚያክል አሳማ ፈጥሬ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ውሸት አልሠራሁም።

ቨርሊን በረንዳው ላይ ቆማለች። "ከሌሎቹ ዘግይቶ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ምን ነበር?"

ሮይስ እኔን አየ።

"ሮይስ ነው" አልኳት። "ባዶ መስሎት።"

አልጮኸችም። እጇን ዘረጋች፤ ሮይስም ጠመንጃውን ሰጣት። ይዛው ስትገባ እሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ልቀመጥ ስል ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። የተረፉት አሳማዎች ተመልሰው ኦቾሎኒውን ሲቆፍሩ ይሰማ ነበር።